የዘይነባ በር የዘይነባ አይደለም

የተበደልኩት ነገር ይህ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጻፍልኝ፣ ሌላው በኋላ ይደረስበታል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ አሁን ደግሞ እንደሰማሁት እስከ አዲስ አበባ ድረስ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች ከፊት መስታወታቸው ሥር የሚተዉትን ክፍተት «የዘይነባ በር» ይሉታል። ያቺ ክፍተት ነፋሱን ታበርዳለች፣ ጆሮ ላይ የሚጮኸውን ታስታግሳለች፣ የነጂውን ጭንቅላት ከመንቀጥቀጥ ታሳርፋለች። ያሰብኳት እኔ ነኝ። ስሜ ሰዓዳ ነው። ዘይነባ የቆረጠችው ላስቲክ ነው፣ እሱንም እኔ ካሰብኩት በኋላ ነው የቆረጠችው። መቀስ የያዘ ሁሉ ባለቤት የሚሆን ከሆነ የተወለደ ልጅ ሁሉ እትብቱን የቆረጠችው አዋላጅ ልጅ ነው ማለት ነው።

ነገሩን ውጬው ኖሬ ነበር። የቀሰቀሰብኝ የልጄ ልጅ አንዋር ነው። አንዋር ሚስት አግብቶ ልጅ የወለደ ሰው ነው፤ ሞተር ሲያይ ግን ያ ሁሉ ይጠፋበታል። አሁን የገዛው ለሩቅ መንገድ የሚሆን ትልቅ ሞተር ነው፤ በግራና በቀኙ ሣጥን አለው፣ ወንበሩ የኔን መደብ ያህላል። ባለፈው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ጓደኞቹ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን አረፉና ግቢው በሞተር ተሞላ። ከጣሪያው ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ነፋስ ነው። አንደኛው ሄልሜቴ ነው የሚጮኸው ይላል። ሌላው ረጅም መስታወት ባስገጥም ጭራሽ ባሰብኝ፣ ጭንቅላቴን እንደ ቅል ይንጠኛል ይላል። እኔ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ። ያን ጊዜ አንዱ ቀጭን ልጅ፣ «ስትመለስ ኮምቦልቻ ጎራ በልና የዘይነባን በር ያውጡልህ፤ ዝም ይልልሃል» አለው።

ሰፌዱን አስቀመጥኩ። «ማናት ዘይነባ?» አልኩት።

«ድሮ የነበረች ሴት ናት አሉ፣ እማማ። የሞተር መሐንዲስ ናት ነው የሚሏት።»

መሐንዲስ። ዘይነባ የመኪና ወንበር ልብስና የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነበረች። ስም ሰርቃ ሲገርመኝ ጭራሽ ተምራ ተመርቃ ጠበቀችኝ። ምስሩን ለምራቴ ሰጠሁና ገብቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ፤ ሐሳቤ ተነስቶ ወደዚያ ዘመን ሄደ።

ያኔ ደሴ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ድረስ ይገባ ነበር። ፒያሳ ላይ የካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ ይዘፍናል፤ ካሴት ቤቱ አጠገብ የፎቶ ቤት አለ፤ መስኮቱ ላይ የተሰቀለችው ሙሽራ ስንት ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሆና ኖረች። ሻይ በስሙኒ ነው። ጎረምሶቹ ከታች የሰፋ ሱሪና አንገቱ ትልቅ የቴትሮን ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ባለ አበባ ሻሽ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ ብርዱ ስለማይምር ጋቢ እንደርባለን። ባለቤቴ ይመር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ቤታችን ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ፤ ጠዋት የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት ወርዶ ማታ ይወጣል። ሌላው ሰው በአውቶቡስ ይጋፋል፤ እሱ ግን አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ የሸጠለት ትልቅ ጥቁር ሞተር ነበረው። ያን ሞተር ሲያጥበው ላየ ሰው ፈረስ የሚቀልብ ባላባት ይመስለዋል። ሰው ሁሉ «ይመር ሞተር» ይለዋል፤ የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም።

ጁምዓ ከሰዓት ወይም እሑድ ከኋላው ያስቀምጠኝና በሐይቅ በኩል ቢስቲማ እናቴ ዘንድ እንሄዳለን። ሰው ሲያየን ጥሩ ነበር። እኔ ግን ከነፋሱ የተነሳ የመንገዱን ደስታ አላውቀውም። መጀመሪያ ሞተሩ ፊቱ ባዶ ነበርና ነፋሱ የይመርን ደረት ይደበድበዋል፤ ማታ ሲገባ ክንዱ እንጨት ሆኖ ነው። ስለዚህ ከአንድ አሮጌ ሞተር የፕላስቲክ መስታወት ፈልጎ ፊቱ ላይ ገጠመ። ነፋሱ ደረቱን ተወለትና ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። በመስታወቱ አናት ዘሎ ሄልሜቱ ላይ ይወድቃል፤ ያጓራል፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያንገጫግጨዋል። እቤት ገብቶም የምናገረው አይሰማውም። ሁለቴ ሦስቴ ካልደገምኩለት አይመልስም፤ ውሃ ስለው ጨው ያመጣል።

የደሴ ሰው ለነፋስ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቀዳዳ መድፈን። በርና መስኮቱን በጨርቅ፣ ግድግዳውን በጭቃ፣ ጆሮውን በሻሽ ይደፍናል። ይመርም የብርድ አገር ልጅ ነውና ነፋሱ በመስታወቱ ሥር ሾልኮ ነው የሚመጣው አለ። ከመስታወቱ ታች እስከ መብራቱ ያለውን ክፍት ቦታ በወፍራም ላስቲክና በሸራ ለማስዘጋት ኮምቦልቻ ወደ ዘይነባ ሄደ። እሷ ሰፍታ አሰረችለት፤ ነፋሱም ባሰበት። ሲብስበት ደግሞ አንድ ጫፍ ክፍት ቀርቷል አለና ተመልሶ ሄደ። አሁንም ሰፋችለት፤ አሁንም ባሰ። እንዲህ እያለ የዘይነባን ደጅ ለመደው።

ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው የኔን ነገር ይረዳኛል። እኛ ላይ እንበርዳለን፤ እነሱ ታች ይሞቃሉ። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ጉም ውስጥ ስቀመጥ እሷ በስስ ቀሚስ፣ እጅጌዋን እስከ ክርን ሰብስባ፣ ብርቱካን ከሚከመርበት መንገድ ዳር የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ አይቻታለሁ። ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት፤ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ወንዱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያታል። የራሷ መኪና፣ የራሷ ደንበኛ አላት፤ ከወንድ ጋር በዋጋ ስትከራከር ዐይኗን አትሰብርም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ተድሬ ከቤት የወጣሁት በሞተር ጀርባ ብቻ ነው። እቤት ደግሞ እራት ሲቀርብ ከወጡ ቀድሞ ስሟ ይቀርባል። ዘይነባ ይህ ላስቲክ ይሻላል አለች፤ ዘይነባ መርፌዋ ተሰበረ፤ ዘይነባ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ከማዕዱ ተነስቼ ድስት አጥብ ነበር። ምንም ያየሁት ነገር የለም፤ ያየሁት ነገር ቢኖርማ ለቅናት ጊዜ አልነበረኝም፣ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ከዘይነባ ስፌት በኋላ ቢስቲማ ስንሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ነፋስ የሴትን ነጠላ ወደ ኋላ ነው የሚወስደው፤ ይህን የማያውቅ የለም። የኔ ነጠላ ግን ወደ ፊት ይሄዳል። ጫፉ በይመር ትከሻ ላይ አልፎ እፊቱ ይውለበለባል። ከመስታወቱ ጀርባ የሚጎትተው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እናቴ ቤት ደረስን። ወቅቱ የውቂያ ነው፤ አውድማው አጠገብ ተቀምጬ ነፋሱን አየዋለሁ። የእናቴ ግቢ ባንድ ወገን በድንጋይ ካብ፣ በሌላው ወገን በጭራሮ ነበር የታጠረው። ነፋሱ ካቡን ዘሎ ከኋላው ሲወድቅ ገለባው ይሽከረከራል፣ ይነሳል፣ ዶሮዎቹ እንኳ እዚያ አይቆሙም። ከጭራሮው አጥር ጀርባ ግን ገለባው ተኝቷል፤ ጫጩቶቹም እዚያ ናቸው። ካቡ ነፋስ አያስገባም፣ ኋላው ግን አውሎ ነው። ጭራሮው እንደ ወንፊት ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል፣ ኋላው ፀጥ ነው። ትንሹን ስላሳለፈለት ትልቁ ዘሎ አልመጣበትም።

ይመርን ጠራሁትና አሳየሁት። «ሞተርህ ላይ ካብ ነው የካብከው፤ አጥር አድርገው» አልኩት።

«እንዴት ነው የማደርገው?»

«ታቹን ክፈተው። የዘይነባን ላስቲክ አውጣው።»

ሳቀ። «ነፋስ እንዳይገባ ነፋስ አስገባ ነው የምትይኝ?»

«ትንሹን አስገባውና ትልቁ ይተውሃል። አሁን ከመስታወቱ ኋላ ባዶ ነው፤ ባዶ ስለሆነ ነው ከላይ እየዘለለ የሚገባው። ነጠላዬን አታየውም ወዴት እንደሚሄድ?»

«ይህን ያህል ስፌት ከንቱ ሊቀር ነው?» አለ። ያዘነው ለስፌቱ ነው። ለስፌቱ ማዘኑ እኔን ይበልጥ አጠነከረኝ።

«ወይ ላስቲኩን ታወጣለህ፣ ወይ ደሴ በእግሬ እገባለሁ» አልኩት። እናቴም ከበሩ ሆና «ታደርገዋለች፤ ልጄን አውቃታለሁ» አለችው። ብሎኑን ፈቶ ላስቲኩን አወጣ፤ መስታወቱ ከመብራቱ ራቅ እንዲል በየብሎኑ ሥር ወፍራም የጎማ ሮንዴላ ደረበበት። የክፍተቱን ልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጣቴን አስገብቼ ይህን ያህል ይበቃል አልኩት። ከዚያ ተነሳን።

ሐይቅን እስክናልፍ አላመነም። በኋላ ፍጥነት ጨመረ። ያ ጩኸት የለም፤ ሹክሹክታ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ከሩቅ። ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነጠላዬ ጭኔ ላይ አርፏል። «ሰዓዳ» አለኝ፤ ሞተር ላይ ሆኖ ስሜን ሲጠራ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። «አቤት» አልኩት። «ምንም፤ ይሰማሽ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ እስከ ደሴ መንዙማ ሲያንጎራጉር ሄደ፤ ድምፁ መልካም አልነበረም፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በዚያ መንገድ ላይ ያወራነውን ያህል እቤት አውርተን አናውቅም።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ሲወርድ ዘይነባ ላስቲኩን ከመሃል ቆርጣ ግራና ቀኙን ብቻ አስቀረችለት፤ የመስታወቱንም አናት በቀጭን ጎማ ቀመቀመችው። ጠርዙ ያምራል። ፍርድ ፍርድ ነውና ይህን አልክድም።

ብዙ ሳይቆይ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ይመር ላይ ያየውን ማሠራት ጀመረ። ወባ የሚረጩት፣ የእርሻ ሠራተኞቹ፣ ገጠር የሚመላለሱ መምህራን ሁሉ ኮምቦልቻ እየወረዱ ያስከፍታሉ። እኔ እቤት ተቀምጬ በልቤ እኮራለሁ። አንድ ቀን የቦሩ ሜዳ መምህር በራችን ላይ ሞተሩን አቁሞ፣ «ጋሽ ይመር አለ? ያቺን የዘይነባን በር እንዲያሳየኝ ነበር» አለኝ።

«የማንን በር?»

«የዘይነባን። ከመስታወቱ ሥር የምትከፈተዋን።»

«የዘይነባ ናት ያለህ ማነው?»

«እሱ ራሱ ነዋ። ጋራዥ ውስጥ ማን አሳየህ ብለን ስንጠይቀው ዘይነባ ናት አለን።»

እንግዲህ በደሉ ይህ ነው። ሌባ አልሰረቀኝም፤ የሰጠብኝ ባሌ ነው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠየቅሁት። «እንዲያው ይላሉ» አለ። ማን አስባላቸው አልኩት። «ተይ እንጂ ሰዓዳ፣ የላስቲክ ነገር ነው» አለ። ለኔ የላስቲክ ነገር አልነበረም። ሰው ለሚስቱ ሽቶ ገዝቶ ለሌላ ሴት ቢሰጥ ያገር ሽማግሌ ይሰበሰባል። ከራሴ የወጣውን ለሌላ ሴት ሲሰጥ ግን በማን ፊት ይከሰሳል? በየዓመቱ ጠየቅሁት። ልጆች ወልደን ጠየቅሁት፣ ሞተሩ ተሸጦ ጠየቅሁት፣ ታሞ ተኝቶም ጠየቅሁት። ጆሮው በመጨረሻ ጨርሶ ደክሞ ስለነበር ጮኼ ነበር የምጠይቀው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። እሱ እጄን ይዞ ፈገግ ይላል። እንዲሁ እንደሳቀ ሄደ።

እነዚያ ሞተረኞች ወደ ሰሜን በሄዱ ማግስት አንዋርን «ኮምቦልቻ ውሰደኝ» አልኩት።

«እሺ እምዬ፣ ሚኒባስ ልያዝልሽ።»

«በሞተር ነው የምሄደው።»

«እምዬ፣ ወገብሽ…»

«ወገቤን ለኔ ተወው። አንተ ሞተርህን አስነሳ።»

ሚስቱ ሻሼን አጥብቃ አሰረችልኝ፤ ከላይ ሄልሜት ደፋሁበት። ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን ነው። ፒያሳን ስናልፍ በካሴት ቤቱ ቦታ ስልክ ይሸጣሉ፤ ሙሽራዋም የለችም። ዶሮ መዝለያን ስንወርድ የአንዋር ሞተር ጩኸት ጀመረ። መስታወቱ የፋብሪካ ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ውድ ነው፤ ነፋሱ ግን ያው የድሮው ነፋስ ነው፤ አናቱን ዘሎ ሄልሜቴን ይደበድበዋል። «አንዋር» ብዬ ጠራሁት፤ አልሰማም። ትከሻውን ስመታው አቆመ። ለካ ጆሮው ውስጥ ስፖንጅ ወትፏል። ለነፋሱ ብለው በሱቅ የሚሸጡት ነው አለኝ። የነዚያው ሰዎች የልጅ ልጅ ነዋ፤ አሁንም መድኃኒቱ መድፈን ነው። መንገድ ዳር አስቁሜ መስታወቱን በመፍቻ ከፍ አስደረግሁትና ታቹን አስከፈትኩት። ሦስት ጣት። ከዚያ ወዲህ እስከ ኮምቦልቻ ስንጨዋወት ወረድን፤ «ይህን ከማን ተማርሽው?» ሲለኝ ከራሴ አልኩት፤ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። በራሴ ነገር ላይ ምስክር ያጣሁ ሴት ነኝ።

የዘይነባን ቤት ያገኘነው በጠየቅነው በመጀመሪያው ሰው ነው፤ ይህም ራሱ አናደደኝ። ቤቱ ያው ነው፣ አሁን የእህቷ ልጅ የባጃጅ ወንበር ትሰፋበታለች። ዘይነባ ደጃፉ ላይ በጉልበቷ ላይ ሸራ ዘርግታ በእጇ ትጠቅማለች። መነጽሯ ወፍራም ነው። ጥርሷ ወልቋል፤ ፍንጭቱ የት እንደነበር አይታወቅም። እንዲያም ሆና ቀና ስትል አንገቷ ያው አንገቷ ነው፤ ቅናቴ አላረጀም ነበርና አየው።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፣ ሄልሜቴን ሳላወልቅ።

«ወአለይኩም አሰላም። ግቢ፣ ሰዓዳ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽኝ?»

«በሰባ ዓመቷ በሞተር መጥታ በር ላይ የምትቆም ሌላ ማን አለች? ይመር ሲያወራልኝ የኖረው ስላንቺ ነው።»

ተቀመጥኩ። አንዋር ከበሩ ላይ ቆመ። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ «በሩ የማን ነው?» አልኳት።

የቱ በር አላለችም። «ያንቺ ነው» አለች።

ለክርክር የመጣ ሰው ሲታመንለት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ዝም አለ? ለጠየቀኝ ሁሉ የኔ አይደለም፣ የሚስቱ ነው ብያለሁ። ትሕትናዋ አሉኝ። የኔ አይደለም ባልኩ ቁጥር የባሰ የኔ ሆነ።»

አንዋር ሳቀ። ዞሬ ሳየው ተወው።

«አንቺማ ምን ጎደለብሽ» አልኳት። «ስምሽ እስከ አዲስ አበባ ይጠራል። መሐንዲስ ይሉሻል።»

«ይጠራል» አለች፤ መርፌዋን ሸራው ላይ ሰካችው። «ያኔ የታጨሁለት የባቲ ነጋዴ ነበር። ለዕቃው ሲመጣ በገባበት ጋራዥ ሁሉ ወንድ የኔን ስም ሲያነሳ ይሰማል። የዘይነባን በር ክፈትልኝ፣ የዘይነባ በር ሰፋ፣ የዘይነባ በር ጠበበ። ወንዶች ተሰብስበው ሲስቁ አስቢው። ሽማግሌ ልኮ የሰጠውን ጥሎሽ አስመለሰ። ከሱ በኋላ የመጣ የለም። አብሽሪ፣ አልፏል፤ ይኸው የእህቴን ልጅ አሳደግሁ።»

አዘንኩላት፤ ግን የመጣሁበትን ነገር ሳልጠይቅ ብመለስ ከመቃብር የምነሳ ነኝ። «ስሜን ያውቀዋል» አልኳት። «ሲያወራልሽ ከኖረ፣ ያንን ስም ጋራዥ ውስጥ ቢጠራው ምን ይጎዳው ነበር? ላንቺ ለምን ሰጠው? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

ዘይነባ መነጽሯን አወለቀች። «እኔም ጠይቄዋለሁ» አለች። «እጮኛዬ በሄደ ሰሞን፣ እዚሁ በር ላይ፣ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ጠየቅሁት። ሚስትህ ያሰበችውን ለምን በኔ ስም ትጠራዋለህ አልኩት። ‹ምን ነካሽ፣ ዘይነባ፣ የሚስት ስም እኮ ወንድ በተሰበሰበበት አይጠራም› አለኝ። ‹የኔስ?› አልኩት። ሞተሩን አስነሳ።»